ለአሮጌው ብራውዘር የተጻፈ ደብዳቤ

ያለፉትን ሳምንታት ያላነበበ ሰው አይጨነቅ፤ ብዙ አልቀረበትም። ሁለት ሰዎች በአንድ ኮሪደር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲተያዩና ሲተላለፉ ነው የከረሙት። አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛው ባለሹራቡ ነው። የዛሬው ግን ከመተያየት ያለፈ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ።

ሥራዬ ድረ ገጽ መፈተሽ ነው። አንድ ገጽ በአንዱ ብራውዘር ሲከፈት ተሽሞንሙኖ ይታያል፤ ያው ገጽ በሌላው ሲከፈት ጽሑፉ ምስሉ ላይ ይወጣል፣ ቁልፉ ወደ ጠርዝ ይሸሻል፣ ግማሹ ነገር ደብዛው ይጠፋል። ሠሪዎቹ በራሳቸው ኮምፒውተር ካማረላቸው ለዓለም ሁሉ ያማረ ይመስላቸዋል። እኔ አላምናቸውም። እያንዳንዱን ገጽ በአሥራ አንድ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እከፍታለሁ፤ ጉድለት ካገኘሁ ቀይ ምልክት፣ ካላገኘሁ አረንጓዴ አደርጋለሁ። በዚህ የተነሳ ቢሮው በሙሉ «እንከኔ» ይለኛል። ሲጠሩኝ ደስ ባይለኝም አቤት ማለቱን ለምጄዋለሁ።

የምሠራበት ክፍል በኮሪደሩ መጨረሻ ነው። ያረጀ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ እዚያ ስለሚከማች «ሙዚየሙ» ይሉታል። መስኮት የለውም። የበሩ የውስጥ እጀታ ከተሰበረ ደግሞ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እንዳይዘጋ በአንድ አሮጌ ኪቦርድ እንደግፈዋለን። ኪቦርዱ ከተንሸራተተ በሩ ይዘጋል፤ ከውስጥ አይከፈትም። ያኔ የቢሮውን ስልክ አንስቼ ሰባት ቁጥርን እደውላለሁ። ባለሹራቡ ይመጣና ከውጭ ይከፍትልኛል።

«ደግሞ ተዘጋብሽ?» ይላል።

«ደግሞ ተዘጋብኝ» እላለሁ።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ኪቦርዱ ሁልጊዜ በራሱ አልነበረም የሚንሸራተተው።

ባለሹራቡ ገጾቹን ከሚሠሩት አንዱ ነው። ክረምት ከበጋ የማትለወጥ ግራጫ ሹራብ አለችው። የሕንጻው ዘበኛ ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የአክስቴ ነው። ጠዋት ጠዋት የአክስቴ መኪና ስትደርስ አባቱ ከወንበራቸው ብድግ ብለው በሩን ይከፍታሉ፤ እኔ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ አንገቴን እደፋለሁ። እሱ የተጣሉ ኮምፒውተሮች እየፈታና እየገጠመ በራሱ ጥረት ነው ሥራውን የተማረው፤ አክስቴ ይህን አየችና ወንበር ሰጠችው። «ከበር አንስቼ» ትላለች ስለ እሱ ሲነሳ። ክፋት የላትም፤ ግን ሁልጊዜ ትላለች።

እኔንም ከሆነ ቦታ አንስታኛለች። እናቴ ስትሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አክስቴ በአንድ እጇ ሻንጣዬን፣ በሌላው እኔን ይዛ ቤቷ አስገባችኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ምንም አልጎደለብኝም። ችግሩ እሱ ነው። የጎደለበት ሰው ይጮኻል፤ ያልጎደለበት ምን ብሎ ይጮኻል? ለሰው ስታስተዋውቀኝ «የእህቴ ልጅ» ትለኛለች። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ቤት ውስጥ አንቺ፣ ቢሮ ስንገባ እርስዎ።

እንግዲህ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ገጽ ለፍተሻ መጣልኝ። የሠርግ ጥሪ ነው። ሙሽራዋ እኔ ነኝ።

ልዳር መሆኔን የሰማሁት ከአክስቴ ጸሐፊ ነበር፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አክስቴ ከአንድ የኢንሹራንስ ሥራ አስኪያጅ እናት ጋር ተነጋግራ ቃል ሰጥታለች። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ሲያወራኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ በር ይይዝልኛል፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ችግር ብዙ ያውቃል። ዘመዶቹ በየሀገሩ ስለተበተኑ ጥሪው በድረ ገጽ ይሁን አለ። አክስቴም «ባለሙያ በቤታችን እያለ» ብላ ለባለሹራቡ እንዲሠራ፣ ለእኔ እንድፈትሽ ሰጠችን። ሁለታችንም «እሺ እትዬ» አልን።

አንድ በአንድ መክፈት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ላይ ፎቷችን ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ ከላይ አበባ ይዘንባል፣ ስሜ ከስሙ ጎን ተቀምጧል። ሁለተኛው ላይም እንደዚያው፤ ሦስተኛው ላይም። አንዱ ትንሽ ስልክ ላይ ስሜ ከስሙ ሥር ወርዶ ተጨፍልቋል። ሌላ ቀን ቢሆን ቀይ አደርገው ነበር። የዚያን ቀኑን ግን ልክ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጨረሻ ላይ ወደ ሽማግሌው መጣሁ። ሽማግሌው የሙዚየሙ አንጋፋ ኮምፒውተር ነው፤ ብራውዘሩ ከታደሰ ዘመናት አልፈዋል። «ይሄን ዛሬ ማን ይጠቀምበታል? ጣይው» ይሉኛል። «አንድ ሰው አይጠፋም» እላቸዋለሁ። ያረጀ ብራውዘር የሚንቀሳቀስ ምስል ማሳየት ሲያቅተው በምስሉ ቦታ «ብራውዘርዎ አርጅቷል፣ እባክዎ ያድሱ» የምትል አጭር ጽሑፍ ትወጣለች። አዲስ ብራውዘር ያለው ሰው ይህችን ጽሑፍ ዕድሜ ልኩን አያያትም።

በዚያ ቀን በዚያች ጽሑፍ ቦታ ደብዳቤ ነበር።

«እንከኔ፣

ይህን ካንቺ በቀር የሚያየው የለም፤ ሽማግሌውን የምትከፍቺው አንቺ ብቻ ነሽ።

ሦስት ዓመት የጻፍሽልኝን ስህተት ሁሉ አርሜያለሁ። አንዱን ብቻ አልቻልኩም። በሩን ስከፍትልሽ ቀና ብለሽ የምታዪኝ አስተያየት አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አይገባኝም። እሱን እንዴት ብዬ ላርመው?

ስምሽን ከሰውዬው ስም ጎን ለማስቀመጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

እወድሻለሁ። በአፌ ልነግርሽ አልደፈርኩም፤ አባቴ ለመኪናችሁ በር ሲከፍት እያየሁ እንዴት ልድፈር? ይህ ጋብቻ በፈቃድሽ ከሆነ አረንጓዴ አድርጊው፤ ደብዳቤውን አጥፍቼ ዝም እላለሁ። ካልሆነ እንደ ወትሮሽ አንድ መስመር ስህተት ጻፊልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል። እትዬ ፊት እኔው ራሴ እቆማለሁ።

እትዬን ግን አትቀየሚያቸው። አባቴን ከዝናብ አስገብተው ወንበር የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሌላው ሰው ‹ዘበኛ› እያለ ሲጠራው፣ በስሙ የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት ፈርቻቸው ብቻ አይደለም፤ ስለማከብራቸው ነው። እሳቸውን ሳላስከፋ አንቺን የምወድበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛ ጊዜ ላነብ ስል ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ፤ ስክሪኑ መስሎኝ በእጅጌዬ ጠረግሁት። የረጠበው ዓይኔ ነበር።

የስህተት መጻፊያውን ከፈትኩ። ሦስት መስመር አለው፤ የታየበት፣ የታየው፣ መታየት የነበረበት። ጻፍኩ። ከዚያ ላክ የምትለዋን ቁልፍ ልጫን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእኔ ሪፖርት ለአንድ ሰው አይደለም የሚሄደው። ለሠሪው፣ ለዳይሬክተሯና ለደንበኛው እኩል ይደርሳል። ሠሪው ባለሹራቡ ነው፣ ዳይሬክተሯ አክስቴ፣ ደንበኛው ሙሽራው። አንዲት መስመር ጽፌ አንድ ሽማግሌ ዘበኛን ከወንበራቸው ላስነሳ ነው? አሥራ አንድ ዓመት ያበላኝን እጅ በአንዲት ቁልፍ ልነክስ ነው?

ስልኩ ጮኸ። ጸሐፊዋ ነበረች። «እትዬ አረንጓዴው ደረሰ ወይ እያሉ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ደወለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል የጻፍኩትን ሰረዝኩና አረንጓዴውን ተጫንኩት።

ልቤ ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ ደረቴ ውስጥ ተቀመጠ።

*

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ተገናኘን። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ፣ እሱ ከጠረጴዛው ተነስቶ። ሌላ ጊዜ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ፈገግ ይላል። ያን ቀን ሹራቡን እጁ ላይ አጣጥፎ ይዟታል፤ ያለ ሹራብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ትከሻው ያን ያህል ቀጭን አይመስለኝም ነበር።

«አረንጓዴሽን አየሁት» አለኝ።

«አየኸው።»

«ሁሉም ላይ ከፈትሽው?»

«ሁሉም ላይ።»

«ሽማግሌውም ላይ?»

መዋሸት እችል ነበር። አልከፈትኩትም ብለው ሁለታችንም እናርፍ ነበር። «ሽማግሌውም ላይ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «ደብዳቤውን ላጠፋው ሞከርኩ፤ ተቆልፏል። አረንጓዴ ያገኘን ገጽ ሠሪው አይነካም የሚለው ሕግ ያንቺ ነው፤ ረስቼው ነበር።»

እኔም ረስቼው ነበር። ሠሪዎቹ ከፈተሽኩ በኋላ እየነካኩ ሲያበላሹ ተናድጄ ራሴ ያስወጣሁት ሕግ ነው። አንድ ጊዜ አረንጓዴ ከሆነ፣ ቀይ ካላደረግሁት በቀር ማንም አይከፍተውም። ጸሐፊዋ ደግሞ ገጹን ለተጠሩት ሰዎች ሁሉ ልካዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

«ማንም አያየውም» አልኩት። «ሽማግሌውን የሚከፍት የለም።»

ልለው የፈለግሁት ይሄ አልነበረም። ጽፌ ነበር፣ ሦስቱንም መስመር ጽፌ ሰረዝኩት ልለው ነበር የፈለግሁት። እሱ ግን ልክ እንደተናገርኩት ሰማው።

«እውነትሽን ነው፤ ማንም አያየውም» አለ። «ሥራ መልቀቂያዬን ለጸሐፊዋ ሰጥቻለሁ። አትዘኝብኝ። ግን ኪቦርዱን አጥብቀሽ ደግፊው። ከነገ ጀምሮ ሰባት ቁጥር የሚያነሳ የለም።»

አፌን ስከፍት የአክስቴ ጫማ ድምፅ ከደረጃው በኩል መጣ። እሱ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ መንገድ ለቀቀላት፤ ልክ እንደ አባቱ።

«ምን ገትሮ አቆማችሁ?» አለች አክስቴ።

«ምንም እትዬ፤ ስለ ገጹ ነው» አልኳት። «ተጠናቋል፤ እርስዎ እንዳሉት።»

ባለሹራቡ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት ወቀሳ ቢሆን እችለው ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ነበር፤ እሱ ነው የገደለኝ።

*

በዚያው ምሽት ሙሽራውና እናቱ እራት ተጋብዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ ስልክ ከሳህን በልጦ ነበር። ሁሉም ጥሪውን ከፍቶ አበባው ሲዘንብ ያያል።

«ደስ አይልም?» አለኝ ሙሽራው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«እንከን የለውም» አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሲስቅ ፊቱ ደግ ነው። የዚያን ሰው ደግነት እንዴት እንደጠላሁት።

«እስቲ እኔም ልየው» አለች አክስቴ፤ መነጽሯን አድርጋ ስልኳን አነሳች።

የአክስቴን ስልክ ልንገራችሁ። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። አዲስ ሲገዙላት ሣጥኑን ሳትከፍት ለሰው ትሰጣለች፤ ምክንያቱም እናቴ ከመሞቷ በፊት የላከችላት መልእክቶች በዚያ ስልክ ውስጥ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማታው እፊቴ ሲቀመጥ የኖረ ስልክ ነው። የዓለምን አሮጌ ብራውዘር ሁሉ ስፈትሽ፣ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ያለውን አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም።

«አንድ ሰው አይጠፋም» ስል የኖርኩት ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ታነባለች። ሹካዬን ያዝኩት፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም።

«እንዴት አገኙት?» አሏት የሙሽራው እናት።

አክስቴ መነጽሯን አወለቀች። «የእኔ ስልክ አርጅቷል» አለች። «ምስሉን አልከፈተልኝም።» ስልኳን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችውና ለእንግዶቹ ምግብ ጨመረች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይሄ ነው። እስኪሄዱ ድረስ አንዴም አላየችኝም።

በሩን ዘግታባቸው ስትመለስ እኔ ሳህን እያነሳሁ ነበር።

«ተይው ሳህኑን» አለች። «ደብዳቤውን አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ እትዬ።»

«አይተሽ ነው አረንጓዴ ያደረግሽው?»

«አዎ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከበር አንስቼ ወንበር ሰጠሁት። አንጀቴን ሰጠሁት። እሱ ሦስት ዓመት ሙሉ በጓዳ የእህቴን ልጅ ያያል። ‹እትዬ ፊት እቆማለሁ› ይላል ደግሞ፤ ለጠብ ነው? ስለ እኔ ሌላ የሚጽፈው አንዲት ቃል አጣ? አንዲት የምስጋና ቃል?»

ቀና አልኩ። ደብዳቤው እዚያ ላይ አያልቅም። የእሷ ስልክ ስክሪኑ ትንሽ ነው፤ ጽሑፉን ከሳጥኑ ልክ ላይ ቆርጦታል። ከ‹እቆማለሁ› በታች ያለውን አላየችውም። አሥር ጊዜ ለሠሪዎች የጻፍኩት ስህተት ነው፤ «የጽሑፉ መጨረሻ ይቆረጣል»።

«እትዬ፣ ስልክሽ መጨረሻውን…»

«ስለ ስልኬ አትንገሪኝ!» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ፤ ከጩኸቷ ይልቅ እሱ አስፈራኝ። «ስሚኝ። በእኔ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አምናለሁ፤ ያንቺን ምልክት። አንቺ አረንጓዴ ካልሽ ዓይኔን ጨፍኜ እልካለሁ። አንድ ቀን ዋሽተሽኝ አታውቂም። ዛሬስ? እውነት ነው ያልሽኝ ወይስ ዋሸሽኝ?»

ጋብቻውን እምቢ እንዳልል አክስቴ አልከለከለችኝም። የከለከለኝ አሥራ አንድ ዓመት ነው፤ በየመስከረሙ የተገዛልኝ ጫማ፣ ስታመም ራስጌዬ የተቀመጠችባቸው ሌሊቶች፣ አንድም ቀን «አድርጌልሻለሁ» አለማለቷ። ብትለኝ ኖሮ እመልስላት ነበር።

ጠበቀችኝ። ሳልመልስላት ሲቀር ተነሳች።

«ነገ ቢሮ ስገባ ምልክቱን አየዋለሁ» አለች። «አረንጓዴ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አናወራም።»

መብራቱን ሳታጠፋ ወደ ክፍሏ ገባች። ቤቱ ሰፊ ነው፤ አምስት ክፍል አለው። በዚያ ማታ ግን ሙዚየሙ ይሰፋኝ ነበር።

*

ጠዋት መኪናዋን አልጠበቅሁም፤ በእግሬ ሄድኩ። ዘበኛው በእግሬ ስመጣ አይተውም ከወንበራቸው ተነሱ።

«አባባ፣ እኔን አይተው አይነሱ» አልኳቸው።

«ልጄ ሥራ ለቀቅሁ አለኝ» አሉ ኮፍያቸውን እያሻሹ። «ምን አጠፋ? አንቺ ታውቂ እንደሆነ ንገሪኝ። እትዬን አስቀይሞ ከሆነ እኔ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ።»

«ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ሰው ግራ ተጋብተው አዩኝ። ዓይናቸው የልጃቸው ዓይን ነው። ደረጃውን ወጣሁ።

ሙዚየሙ ገባሁና ኪቦርዱን በእግሬ ገፋሁት። በሩ ተዘጋ። ከእኔና ከአሥራ አንዱ መሣሪያ በቀር ማንም የለም። መውጫም የለም፤ እንዲያ ይሻላል፤ ብፈራ የምሸሽበት እንዳይኖር።

አረንጓዴውን ወደ ቀይ ለወጥኩት። መጻፊያው ተከፈተ።

የታየበት፦ በሁሉም ላይ።

የታየው፦ ለማግባት የተስማማች ሴት።

መታየት የነበረበት፦ ያልተጠየቀች፣ ብትጠየቅ ሌላ ሰው የምትል ሴት። ስህተቱ የገጹ ሠሪ አይደለም፤ የፈታሿ ነው። ትናንት አይታ ደብቃዋለች።

ላክሁት። ለሦስቱም ሄደ።

ከዚያ ፍርሃቱ መጣ። ስልኩን አንስቼ ሰባት ቁጥርን ደወልኩ። በግድግዳው ማዶ ሲጮኽ ይሰማኛል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ተቋረጠ። ደገምኩ። የሚያነሳው የለም። እንደማያነሳ ነግሮኝ ነበር፤ ሰው ግን የነገሩትን ካላየ አያምንም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ።

ስንት ሰዓት እንደቆየሁ አላውቅም። እጀታው ከውጭ ሲዞር ዘልዬ ተነሳሁ። አክስቴ ነበረች። በሦስት ዓመት ውስጥ እዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም። ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ በእግሯ በሩን ይዛ የውስጥ እጀታው የነበረበትን ቀዳዳ አየች።

«እዚህ ነው የምትውይው?»

«እዚህ ነው።»

«መስኮት የለውም።»

«የለውም እትዬ።»

በሩ እንዳይዘጋ ቦርሳዋን ከሥሩ አስቀምጣ ወደ ሽማግሌው ሄደችና ወንበሬ ላይ ተቀመጠች። «ሪፖርትሽ ደርሶኛል። ትናንት ስለ ስልኬ ልትነግሪኝ የነበረውን አሁን ንገሪኝ።»

«መጨረሻውን ቆርጦብሻል» አልኳት። ቢሮ ውስጥ አንቺ እንዳልኳት ያስተዋልኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አላረመችኝም። ገጹን ከፈትኩላትና ወደ ታች አወረድኩት።

አነበበች። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና ደግማ አነበበች። «በስሙ የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች፤ እንደ ልጅ፣ ከቃል ወደ ቃል።

«እኔ አላውቅም ነበር» አለች። «ሌላው ሰው በስሙ እንደማይጠራው።»

የእጅ ስልኳ ጮኸ። ማን እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን። አስጩኻው አስጩኻው አነሳችው።

«አቤት… አዎ፣ ለእኔም ደርሶኛል።» ዝም ብላ ሰማች። «የለም፣ የኮምፒውተር ስህተት አይደለም። ልጄ ሥራዋን ነው የሠራችው… ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቃት ቃል የሰጠሁት እኔ ነኝና። ለእናትህም እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ልጄ አለች። የእህቴ ልጅ አላለችም። እኔ እዚያው እንደቆምኩ እንባዬ ወረደ፤ አልጠረግሁትም።

አክስቴ ስልኳን ዘግታ ተነሳች። ፊቷ አልተፈታም። «እንዳልተቀየምኩሽ እንዳይመስልሽ» አለች። «ዋሽተሽኛል። እሱ ለብቻው ይቆየኛል።»

«እሺ እትዬ።»

ወደ በሩ ሄደች። ቦርሳዋን አንስታ ወጥታ በሩ ሊዘጋ ሲል ቆመች። ጎንበስ አለች፤ ወገቧን ያማታል፣ ጎንበስ ማለት አይሆንላትም። ኪቦርዱን አነሳችና ከበሩ ሥር ሸጎጠችው። ጠንከር ብሎ መያዙን በእግሯ ሞከረችው። ከዚያ በኮሪደሩ ስትሄድ ለጸሐፊዋ ስትናገር ሰማኋት፤ ዘበኛውን በስማቸው ጠርታ፣ «ወደ ላይ ይምጡልኝ በያቸው። ልጃቸውንም ይጥሩት፤ መልቀቂያውን አልተቀበልኩትም። ወንበር አቅርቢላቸው፤ ሁለት።»

በሩ ክፍት ነበር። መውጣት እችል ነበር፤ ግን ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው እርምጃ መጣ፤ አንዱ ዘገምተኛ፣ አንዱ የማውቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩን እንዲከፍትልኝ ስጠብቀው አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም። አሁን በሩ ተከፍቶ ሳለ ፈራሁ።